አያ ጓንጉልን ያልያዝነው ዕለት

ወንድ ልጅ ብቻውን ሲናደድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ሴት ብቻዋን ትናደዳለች፤ ድስቱን ታጋጫለች፣ በሯን ዘግታ ታለቅሳለች፣ አልቅሳ ስታበቃም ፊቷን ታጥባ ሽሮዋን ትጥዳለች። ወንድ ግን ለመናደድ ሰው ያስፈልገዋል። አንድ የሚናደድበት፣ አንድ የሚያይለት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ወገቡን ጨምቆ የሚይዝለት። «ያዙኝ ልቀቁኝ» ሲል ሰምታችሁት የለ? የሚቀድመው «ያዙኝ» ነው።

ጣሊያን ወጥቶ አገር ከረጋ በኋላ፣ እኛ አዘዞ ስንኖር፣ አያ ጓንጉል የሚባል ጎረቤት ነበረን። በዱር በገደሉ የከረመ ባለ ምንሽር፣ በሬውን ሳይለምኑት የሚያውስ ሸጋ ሰው። አንድ ነገር ብቻ፤ ይቀናል። ሚስቱ ስንዱ የቄሱን መስቀል ስትሳለም ትንሽ ዘግየት ያለች እንደሆነ እንኳ ግንባሩ ይቋጠራል። ያን ጊዜ ምንሽሩን ያነግትና ደጅ ወጥቶ «ዛሬስ ሰው ልገድል ነው» ብሎ ለመንደሩ ያሰማል።

ሁሉም ድርሻውን ያውቃል። የልጆቼ አባት ሮጦ ወገቡን ይይዛል። እኔ በእመቤታችን ስም እለምናለሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «በሕግ አምላክ» ይላል። በዚያን ዘመን ይህ ቃል ከተጠራ፣ ሕፃን እንኳ ቢጠራው፣ ጎልማሳው ባነሣው እግሩ ይቆማል። አያ ጓንጉልም ይቆማል። ጥቂት ያለከልካል፣ ጠላ ይቀርብለታል፣ ጢሙን እየጠረገ «እናንተ ባትኖሩ ኖሮ…» ይላል። ጋቢውንም ቢሆን ለያዥ እንዲመች አድርጎ ለብሶ ነበር የሚወጣው። ሰው በሌለበት፣ እርሻው መካከል ቆሞ ተቆጣ ሲባል ግን አልሰማሁም።

የዚያ ዓመት ጣጣ በዱቄት መጣ። ከመንገዱ በታች የሞተር ወፍጮ ተተከለና ከድንጋይ ወፍጮ ተገላገልን። ባለ ወፍጮው ተካ ይባላል፤ ፀጉሩን ቅባት እየቀባ የሚያበጥር ጎልማሳ። እኛ ጧት ወርደን ጀምበር ስታዘቀዝቅ ስንመለስ፣ ስንዱ ምሳ ሳይደርስ ከነዱቄቷ ከቤቷ ከች። በድንጋዩ ዘመን «ምነው ቆየሽ» እያለ ሲያማርር የኖረ ባሏ፣ አሁን «ምነው ቶሎ መጣሽ» ይል ጀመር። እንግዲህ ይህን ምን ትሉታላችሁ?

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። ንቆኛል» አለና ወፍጮ ቤት እንዳትደርስ ከለከላት። ስንዱ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ናት፤ ሆዷ ገፍቷል። ከነሆዷ ወደ ድንጋዩ ተመለሰች፤ ሆዷ ከድንጋዩ ጋር እየተጋፋ ትፈጫለች።

«እታለም» አለችኝ አንድ ቀን መዳፏን እያሳየችኝ፤ «እሱ ይጮሃል፣ እናንተ ትይዙታላችሁ፣ ጠላውን ጠጥቶ ይወጣለታል። እኔ ከድንጋዬ ጋር እቀራለሁ። እስቲ አንድ ቀን አትያዙት።»

«ቢገድልስ?»

«ዶሮ ሲያርድ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው?»

ልጄ መስፍን ጎንደር ከተማ ከፍ ያለ ትምህርት ቤት ይማር ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በጭነት ማኪና ይመጣል። አማከርሁት። ለካ ፈረንጁ አስተማሪያቸው ስሜን ተራራ ወጥቶ ጭላዳ ዝንጀሮ ሲያይ ከርሞ፣ ያስተማራቸው ስለዚሁ ስለ ቅናትና ስለ ጠብ ኖሯል።

«ወንዱ ጭላዳ እሜቴዎቹን፣ ሴቶቹን ማለት ነው፣ የሚመኝበት ሲመጣ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ያሳያል፣ ይጮሃል፣ ይሮጣል» አለኝ። «ያኛውም እንደዚያው። ከዚያ አንዱ መንገዱን ይሄዳል። ሁሉም ቢናከስ ኖሮ ዘራቸው በጠፋ።»

«የሰውስ?»

«የሰውም ከጥንት ጀምሮ የመጣ ነው ይላሉ። ሴት የወለደችው የራሷ መሆኑን ታውቃለች። ወንድ ግን የሌላውን ልጅ የኔ ብሎ እንዳያሳድግ ይሰጋል። ቅናት ለዚያ የቆመ ዘበኛ ነው፣ እማዬ።»

«የልጅን አባት እናቱ ታውቃለች፤ ይህንንማ አያትህም ትለው ነበር። ከዝንጀሮ መጣን እንዳትለኝ ብቻ።»

«እንመስላለን ነው ያልሁ።»

«አዳምን ካልነካህ ግድ የለም» አልሁት።

እኔ ከዳዊት ያለፈ ትምህርት የለኝም፤ ቃየልን ግን አውቀዋለሁ፤ እሱ ድዱን አሳይቶ አልሄደም። ቢሆንም «ሁሉም አይናከስም» ያለው ከልቤ ገባ። ለልጆቼ አባት ነገርሁት፤ እሱም ለሽማግሌዎቹ። ለካ ያዥ ሁሉ ደክሞት ኖሯል፤ የተከራከረ የለም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከነስንዱ ደጅ ተቀምጠን ሳለ አያ ጓንጉል ምንሽሩን አንግቶ ወጣ። «ዛሬስ ያንን ቅባታም ልደፋው ነው። ያዙኝ!»

የልጆቼ አባት ከእግሩ እሾህ ያወጣ ጀመር። እሾህ አልወጋውም። አንዱ ሽማግሌ ሰማዩን አንጋጦ ስለ ዝናብ ተናገረ። አያ ጓንጉል ጥቂት ተራመደና ቆመ፤ ዝናሩን አጠበቀ፤ ዞሮ አየን።

«እየሄድሁ ነው እኮ» አለ።

«በደህና ግባ፣ አያ» አለው የልጆቼ አባት፣ ከእግሩ ቀና ሳይል።

ያልተያዘ ወንድ ምን ያደርጋል? መመለስ አይሆንለትም። ሄደ። ከዓይናችን ሲሰወር ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ፤ ጭላዳ ምንሽር የለውም። ይህን ደግሞ ልጄ አላነሣልኝም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። የስንዱን እጅ ይዤ፣ እመቤቴን እየጠራሁ፣ ከኋላው ቁልቁል ወረድን።

ወፍጮው ሰንበት ስለሆነ ዝግ ነው፤ ተካ ብቻውን በሩ ላይ ተቀምጧል። የሚገላግል ሰው የሚባል የለም።

«ተነሥ። ሰው ተቀምጦ አይገደልም» አለው አያ ጓንጉል።

ተካ ተነሣና ከሞተሩ ብረት አንዱን አነሣ። አንዱ ፎከረ፣ ሌላው ብረቱን ወዘወዘ። ከንፈራቸው ተገልብጦ ድዳቸውን ሳይ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ፈረንጁን አመንሁት። ጥቂት እንዲህ ከቆዩ በኋላ አያ ጓንጉል ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ምነው አንተ፣ አፍ የለህም? በሕግ አምላክ አትለኝም?»

«ምን አጥፍቼ ነው የምልህ? አንተ በለኝ።»

«እኔ ባለ ምንሽር ነኝ። የምትለኝ አንተ ነህ።»

«ይኸ ብረት አይገድልም መሰለህ?»

ቃሉን ማን ይበል በሚል ሊጋደሉ ሆነ። ይህን ጊዜ ስንዱ እጄን ለቃ፣ ሆዷን አስቀድማ በመካከላቸው ቆመች። እሷ ግን ወደ ባለ ወፍጮው ዞረች።

«ተካ፣ የኔን እህል ከሰው ሁሉ የምታስቀድመው ምነው? ንገረው።»

«እሱን ፈርቼ ነዋ» አለ ተካ ብረቱን ዝቅ አድርጎ። «ብታመሽ በኔ ሊያመካኝ አይደል? ቶሎ ሸኝቼ ልገላገል ብዬ ነው።»

አያ ጓንጉል አሰበ። መሰደቡ ይሁን መከበሩ እስኪለይለት ቆየ።

«ፈርተህ?» አለ።

«ፈርቼ።»

«በጣም?»

«በጣም እንጂ።»

አጥሩን የነቀነቀው ንቀት ሳይሆን ፍርሃት ኖሯል። ፊቱ በራ፤ ምንሽሩ ግን አልወረደም፤ ሰው ሳይለምነው እንዴት ይውረድ? ዓይኑን ወደ ሚስቱ ወረወረ።

«በዪ እንጂ፣ በሕግ አምላክ በዪን።»

«እላለሁ» አለች ስንዱ፤ «ከነገ ጀምሬ ከወፍጮ ቤት የምፈጭ ከሆነ።»

«ባልፈቅድስ?»

«ቁሙ ታዲያ።»

ፀሐዩ ከረረ። የምንሽር ክብደቱን የያዘው ያውቃል።

«ፍጪ፤ ፈቅጃለሁ። ቶሎ በዪን» አለ።

«በሕግ አምላክ፣ ሁለታችሁም» አለች። ምንሽሩም ብረቱም እኩል ወረዱ።

በማግስቱ ድንጋዩን ዶሮ ይተኛበት ጀመር። መስፍን ሲመጣ ሁሉን አጫወትሁትና «መጽሐፋችሁ ስለሚጮኸው ብዙ ጽፏል፤ ስለሚገላግለውስ ምን ይላል?» አልሁት። «ገና እዚያ አልደረስንም፣ እማዬ» አለኝ። ይድረሱበት፤ እኔ አልቸኩልም።

ስንዱም በሰላም ወንድ ልጅ ተገላገለች። ሲራብ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን እያሳየ ይጮሃል፤ የማን ልጅ ነው ብሎ የጠየቀ የለም።

አለቀ እንዳትሉ። ተካ ያን ዕለት የአያ ጓንጉልን ልመና ሰምቷልና ፍርሃቱ ለቀቀው፤ የስንዱ እህል እንደ ሰዉ ተራ ይጠብቅ ጀመር፤ እሷም እንደኛ አምሽታ ትገባ ጀመር። አንድ ማታ አያ ጓንጉል ምንሽሩን አንግቶ፣ ጋቢውን አመቻችቶ፣ «ምነው ቆየች? ዛሬስ ሰው ልገድል ነው» ብሎ ደጅ ወጣ።

የልጆቼ አባት አየኝ። «ይያዛል ወይስ አይያዝም?» አለኝ።

«ያዘው» አልሁት፤ «ግን አታጥብቅ፤ የእውነት ይመስለዋል።»