«ተቀመጡ» የተባለው አዳራሽ

ጨዋነት መልካም ነገር ነው። እኔም ጨዋ ነኝ፤ ካላመናችሁ ሰፈሬን ጠይቁ። ግን እስኪ በእናንተ ሞት፣ ጨዋነታችን አንዳንዴ አልበዛም? ሰው ቤት ሄደን አንጀታችን እየጮኸ «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ብለን እንምላለን። ታላቅ ሲገባ «ኖር!» ብለን ብድግ እንላለን፤ «ተቀመጡ» ካላሉን ቆመን እንቀራለን። ከተቀመጥን ደግሞ ተቀመጥን ነው። ይህ ጠባያችን አንድ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ጎረቤቴን ጋሽ ቶሎሳን ሊገድላቸው ነበር።

ጋሽ ቶሎሳ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከእኛ ቤት ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ የሚኖሩ ጡረተኛ ትራምፔት ነፊ ናቸው። በጉርምስናቸው ከሸክላ ሰምተው ልባቸውን የሰጡት ሙዚቃ ስካ ይባላል፤ የሬጌ ታላቅ ወንድም ነው፣ ግን ከታናሹ ይልቅ እሱ ይቸኩላል። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ትራምፔቷ ቤት ውስጥ እንዳትነፋ ከከለከሉ ዘመናት አልፈዋል። ስለዚህ ጋሽ ቶሎሳ በየማለዳው እንጦጦ ወጥተው ለባህር ዛፉ ይነፋሉ። «ዛፍ ደግሞ አያጨበጭብም» ይሉኛል እያዘኑ።

በመጨረሻ መገናኛ አካባቢ ባለ አዳራሽ ሁለት አንጋፋ ባንዶች ስካ ሊጫወቱ ቀን ተቆረጠ፤ አንደኛው የጋሽ ቶሎሳ ነው። ታክሲ ውስጥ ትራምፔቷን እንደ ሕፃን ታቅፈው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ስማኝ ልጄ፣ ስካ ቁጭ ተብሎ አይሰማም። ዛሬ አንድ ሰው እንኳ ተነስቶ ካልጨፈረ፣ ከነገ ጀምሮ አልነፋም። በቃኝ።»

«ተመስገን ነው!» አሉ እትዬ ዘነበች ከኋላ ወንበር። እሳቸው ሰው ምን ይለኛል ብለው እንጂ ወደው አልመጡም።

አዳራሹ ግጥም ብሏል፤ ከሲ.ኤም.ሲ የመጡ ወጣቶች ይበዛሉ። የመጀመሪያው ባንድ ሽማግሌዎች፣ አንዱማ በከዘራ፣ ወደ መድረኩ ሲወጡ ከፊት አንድ ጨዋ ሰው «ኖር!» ብሎ ተነሳ። ታዲያ ማን ቁጭ ይላል? አዳራሹ በሙሉ ብድግ! ሽማግሌዎቹም አስተዳደጋቸው ነውና እጃቸውን ዘርግተው «በእግዜር! ኧረ በእግዜር፣ ተቀመጡ!» አሉን። ተቀመጥን። ተቀመጥን ስላችሁ ተቀመጥን!

ጊታሩ በምትና በምት መሀል እየገባ እግራችንን ይኮረኩራል፤ እኛ እጃችንን ጭናችን ላይ አድርገን ለቅሶ የደረስን መስለናል። ከጎኔ ያለችው ልጅ በጫማዋ ጫፍ ወለሉን ትመታለች።

«ለምን አትነሺም?» አልኳት።

«ሼም ነው! ፋዘሮቹ ተቀመጡ ብለውን?» አለችኝ።

እኔስ ለምን አልተነሳሁም? ነገርኳችሁ እኮ፣ ጨዋ ነኝ።

የጋሽ ቶሎሳ ባንድ ተራ ደረሰ። አንድ ዘፈን አለፈ፤ ሁለት፤ አምስት። በየመሀሉ በደንቡ እናጨበጭባለን። የጋሽ ቶሎሳ ፊት እየጠቆረ ሄደ። የመጨረሻው ዘፈን ሊጀመር ሲል ትራምፔቷን በመሐረብ ቀስ አድርገው ጠረጓት፤ የስንብት ጠረጋ ነበር። አንጀቴን በሉት።

እሱ ግን ሳይደግስ አይጣላም። ዘፈኑ መሀል ሲደርስ ከፊተኛው ረድፍ እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሱ። ሰባ ያለፋቸው እናት ቆመው ማን ይቀመጣል? አጠገባቸው የተቀመጡት «ኖር!» ብለው ብድግ አሉ፤ ከኋላ ያሉትም ተከተሉ፤ ረድፍ በረድፍ አዳራሹ ቆመ። እትዬ ዘነበች ደግሞ «ተቀመጡ» አላሉም! የቆመ ሰው ስካን አይችለውም። መጀመሪያ ትከሻ ተነቃነቀ፤ የኛ ትከሻ እኮ ለዚህ ምት የተፈጠረ ነው። ቀጥሎ እግር። ቀጥሎ ወንበሩ ሁሉ ወደ ግድግዳ ተገፋ። የፊተኛው ባንድ ሽማግሌዎች ከነከዘራቸው መድረኩ ላይ ተመለሱ። «ይደገም!» አልን፤ ሦስት ጊዜ ተደገመ። ጋሽ ቶሎሳ እንባቸው እየወረደ ነፉ፤ እኔም ጨዋነቴን ከጃኬቴ ጋር ወንበር ላይ ጥዬ ጨፈርኩ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስንመለስ ጋሽ ቶሎሳ ታክሲ ውስጥ ደጋግመው «አየህ አይደል? ዘነቡ መቻል አቃታት!» ይሉኛል።

«ኧረ ወዲያ! እግሬ ደንዝዞ ነው የተነሳሁት» አሉ እትዬ ዘነበች፣ በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ።

ይሁንላቸው። በማግስቱ ጠዋት ግን ጋሽ ቶሎሳ እንጦጦ አልወጡም። ትራምፔቷ ከዚያን ቀን ጀምሮ በየማለዳው የምትሰማው ከቤታቸው፣ ከሳሎን ነው። ከእንቅልፋችን የምንባንነው እኛ ጎረቤቶች ሆነናል። እንዳንናገር ደግሞ፣ ጨዋ ነን።