የልምድ ልውውጥ በደባት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴም፣ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ከንስሐ አባቴ የደበቅሁት ኃጢአት አይደለም ብዬ አይደለም። ለመናዘዝ የቤተ መጻሕፍት ሲስተም ምን እንደሆነ ከማስረዳት መጀመር አለብኝ፤ ከኋላዬ ደግሞ ሁልጊዜ ተራ የሚጠብቅ ሰው አለ።

ዓይን አፋር ሰው አይዋሽም ተብሎ ይታመናል። ለምን? ውሸት ድፍረት ስለሚጠይቅ ይሆናል። እኔ ግን ዓይን አፋር በመሆን የብዙ ዓመት ልምድ ስላለኝ ተቃራኒውን እመሰክራለሁ። ደፋር ሰው «አላውቅም» ብሎ ይገላገላል፤ «አልሠራም» ብሎ ተጣልቶ ይወጣል። ዓይን አፋሩ ግን ሰው ሲያፈጥበት ከዚያ ዓይን ሥር ለማምለጥ የማይለው ነገር የለም። ለዚህም ነው በጣም የምንፈራው እኛው፣ በጣም የሚያስፈራ ነገር ተናግረን የምንገኘው።

ደባርቅ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ። አራት ነን። አለቃችን አቶ ምናሉ ናቸው። የንባብ አዳራሹን ጸጥታ የሚያስከብሩት መሪጌታ በላይ በወጣትነታቸው ደረስጌ ቅኔ የተማሩ፣ «ዝም በሉ!» ሲሉ ድምፃቸው ከሚረብሹት ተማሪዎች ሁሉ የሚበልጥ ሽማግሌ ናቸው። መጽሐፍ የምታውሰው ሰዓዳ ናት፤ የነጋዴ ልጅ ስለሆነች ተማሪውን በዓይኗ መዝና መጽሐፉ ይመለስ አይመለስ አስቀድማ ትናገራለች። አራተኛዋ እኔ ነኝ፣ ትርንጎ።

መጽሐፍ የሚመዘገብበትና የሚፈለግበት አዲስ የኮምፒዩተር ሲስተም ሊመጣ ነው ሲባል ጎንደር ሄዶ የሚሠለጥን ሰው ተፈለገ። መሪጌታን ጉልበታቸውን አመማቸው። ሰዓዳ የወንድሟ ሠርግ ደረሰባት። አቶ ምናሉ አለቃ ናቸው። ስለዚህ እኔ ሄድኩ። ሠልጥኜ ስመለስ አቶ ምናሉ «የሠራተኛውን ተነሳሽነት እንዲፈጥሩ ተመድበዋል» የሚል ደብዳቤ ሰጡኝ። ልብ በሉ፣ ሲስተሙን አስተምሪ አይልም። ተነሳሽነት ፍጠሪ ነው የሚለው! ሰማይና ምድርን የፈጠረው እንኳ የሰውን ፈቃድ ለራሱ ለሰውየው ትቶለታል።

ሠራተኛው የመጣልንን ኮምፒዩተር ጠልቶት አልነበረም። ችግሩ ማክበሩ ነበር። ሰዓዳ ጠርዙ ላይ አበባ ያለበት ነጭ ዳንቴል ሠርታ አለበሰችው። ከዚያ ወዲያ ማን ይንካው? «ሰዓዳ፣ እስቲ ዛሬ እንክፈተው» ስላት «እጅሽን ታጥበሻል?» ትለኛለች። መሪጌታ ደግሞ ጥያቄ ነበራቸው።

«ልጄ፣ መብራት ሲጠፋ መጽሐፉም አብሮ ይጠፋል?»

«ኧረ አይጠፋም መሪጌታ፣ መጽሐፉማ መደርደሪያው ላይ ነው።»

«እንግዲያ መደርደሪያው ላይ ካለ ኮምፒዩተሩ ምን አስፈለገን?»

ጎንደር ላይ ለዚህ ጥያቄ መልስ አላስተማሩኝም። አንድ ቀን ደፍሬ ጥቅሙን ላስረዳ ተነሣሁ። «ጥቅሙ...» አልኩና ጆሮዬ ሲግል ተቀመጥኩ። ሰዓዳ «አሳጥረሽ አስረዳሽን፣ ተባረኪ» አለችኝ።

በዚህ ሁኔታ ላይ እያለን አንድ ሰኞ አቶ ምናሉ ሰበሰቡን። ከበላይ ተጠይቀዋል። ብዕራቸውን ከፍተው «ተነሳሽነቱ የት ደረሰ?» አሉ። መሪጌታ ወደ እኔ ዞሩ። ሰዓዳ ወደ እኔ ዞረች። አቶ ምናሉ ብዕራቸውን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። አልኩም።

«ደባቶች ጀምረዋል።»

ከየት አመጣሽው ትሉኝ ይሆናል። እኔም ራሴን ጠይቄአታለሁ። ስለ ደባት የማውቀው ከጎንደር ስመለስ አውቶቡሱ እዚያ ሲቆም በመስኮት ነጭ ሽንኩርት መግዛቴን ብቻ ነው።

አገሩን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ደባርቅና ደባት በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ጎረቤቶች ናቸው። እኛ ደባርቆች የስሜን ተራሮች በር ነን ብለን እንኮራለን፤ ፈረንጁ የሚያድረው እኛ ዘንድ ነው። ደባት ደግሞ ፈረንጅ በመስኮት አይቷት የሚያልፋት ከተማ ናት። ይህን የምትለው ሰዓዳ እንጂ እኔ አይደለሁም። ደባቶች ስለ እኛ የሚሉትን ጨዋነት ስለሚከለክለኝ አልጽፈውም።

«ደባት?» አለች ሰዓዳ። «ይቺ የእኛዋ ደባት? ወላሂ አላምንም!»

መሪጌታ ግን ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው «ይቺ ልጅ ካለች አለች ነው፤ መቼ ዋሽታ ታውቃለች?» አሉ። ሰዓዳም ትንሽ አሰበችና «እሱስ እውነት ነው» አለች። እንግዲህ ፍረዱኝ። አንድ ሰው «ማን ነገረሽ?» ቢለኝ ኖሮ እዚያው አልቅሼ እገላገል ነበር። አልጠየቁኝም። እኔ ጨዋታ አላውቅም፣ ሰው ፊት መናገር አልችልም፣ ሠርግ ቤት እንኳ ከበሩ አጠገብ ነው የምቀመጠው። በዚህች ከተማ ያለኝ ነገር ቢኖር መታመኔ ነው። እሱ ከሄደ ምን ይቀረኛል?

አቶ ምናሉ ፊታቸው በራ። «ሄደን ማየት አለብን! የልምድ ልውውጥ!»

የልምድ ልውውጥ ማለት አንዱ መሥሪያ ቤት ሌላው መሥሪያ ቤት ሄዶ ምሳ የሚበላበት የሥራ ዘርፍ ነው። መጀመሪያ ግን ደብዳቤ ይጻፋል። «ሲስተሙን ከአካባቢው ቀድማችሁ ሥራ ላይ ማዋላችሁን በመስማታችን የተሰማንን ደስታ እየገለጽን...» ይላል። ጽሑፌ ጥሩ ነው ተብሎ ደብዳቤውን ያረቀቅሁት እኔው ነኝ። «በመስማታችን» ስል ከማን እንደሰማን እኔና ብዕሬ ብቻ ነን የምናውቀው።

ከዚያ በኋላ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከመቀመጫዬ እነሣ ጀመር። ሰዓዳ «ምነው ትርንጎዬ፣ ታጭተሽ ነው እንዴ?» ትለኛለች። ደባቶች «የምን ሲስተም? ማን ጀመረ?» ብለው እስኪመልሱ ነበር የምጠብቀው። መልሱ መጣ። «በደስታ እንቀበላችኋለን» ይላል።

ደጋግሜ አነበብኩት። በእውነት ጀምረው ይሆን? እግዚአብሔር ለእኔ ብሎ ለደባት ሲስተም አስጀምሮላት ይሆን? ይህን ያህል ይወደኛል?

በተቀጠረው ቀን ሚኒባስ ተሳፍረን ወረድን። በልቤ ሚኒባሱ እንዲበላሽ ስጸልይ ነበር። በዚያ መንገድ ጎማ የማይፈነዳበት ቀን የለም ይባላል። የፈለግሁት ዕለት ግን ሾፌሩ እየዘፈነ ያለ አንዳች እንቅፋት አደረሰን።

በሩ ላይ የተቀበለን ሲሳይ የሚባል ቀጭን ወጣት ነው፤ የዚያች ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ። ስጨብጠው እጁ በላብ ርሷል። በዚያ ብርድ! ወዲያውኑ ጠረጠርኩት። ላብ ያለበትን እጅ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ውስጥ ስንገባ ጠረጴዛው ላይ ዳንቴል የለበሰ ነገር ተቀምጧል። ሰዓዳ ጠርዙን በጣቷ ዳሰስ አደረገችና በጆሮዬ «የገበያ ነው፤ በእጅ አልተሠራም» አለችኝ። ሲሳይ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ባሳያችሁ ደስ ባለኝ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ መብራት ጠፋብን።»

«አላልኩሽም ልጄ?» አሉ መሪጌታ፣ ደስ ብሏቸው።

በዚህ ጊዜ ከግድግዳው ማዶ ዝዝዝዝ የሚል ድምፅ ተሰማ። ጎረቤቱ ፀጉር ቤት ነው። ቶንዶስ የሚያውቅ ሰው ድምፁን ያውቀዋል፤ ቶንዶስ ደግሞ ያለ መብራት አይሠራም። ሲሳይን አየሁት። አየኝ። ሁለታችንም ተረዳዳን።

«ይሄ ምንድን ነው የሚጮኸው?» አለች ሰዓዳ።

«ንብ ነው» አለ ሲሳይ።

«በዚህ ብርድ?»

አሁን ሰዓዳ ግድግዳው ላይ ጆሮዋን ብታደርግ የእሱ ውሸት ይፈርሳል፤ የእሱ ሲፈርስ የእኔም አብሮ ይፈርሳል። ምን ላድርግ? «ንብ ነው፤ የደባት ንብ ብርድ አይፈራም» አልኩ። መቼም ሰዓዳ ፊት እንዲህ ረጅም ዓረፍተ ነገር ተናግሬ አላውቅም። ደንግጣ ወደ ዳንቴሉ ተመለሰች።

ሲሳይ በዳንቴሉ ላይ እየጠቆመ ማብራሪያውን ቀጠለ። መጽሐፉ እዚህ ይገባል፤ በዚህ ይወጣል። ሰዓዳ የጠፋ መጽሐፍ ያገኝ እንደሆነ ጠየቀችው። ያገኛል አለ። የሰረቀውንስ ሰው? እሱንም ከነአባቱ ስም ያወጣዋል አለ። አቶ ምናሉ እየጻፉ ነበር። እኔ ጎንደር የሠለጠንኩበት ሲስተም እንዲህ ያለ ነቢይ እንዳልነበረ እያወቅሁ ራሴን ነቀነቅሁ።

ምሳ በልተን እጄን ስታጠብ ሲሳይ ተከትሎኝ መጣ።

«እህቴ፣ አንቺ ሠልጥነሻል አሉ። እንዳታጋልጪኝ። ያ ኮምፒዩተር አይደለም።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«የእናቴ ቴሌቪዥን ነው።»

እውነተኛው ኮምፒዩተር ከነካርቶኑ ንብረት ክፍል ተቆልፎበታል። ቁልፉን የያዘው ሰው ለቅሶ ሄዶ ገና ነገ ጠዋት ነው የሚመለሰው። የእኛን ደብዳቤ ደግሞ ያነበቡት የሲሳይ አለቆች ናቸው። ጠርተው አመስግነውታል፤ ከአካባቢው ቀድመህ ይህን ያህል ስትሠራ ለምን አልነገርከንም ብለው ትሕትናውን አድንቀዋል። ምስጋናውን እንዴት ይመልሰው? ነገ ከሰዓት በኋላ ሲስተሙን ሊጎበኙ ይመጣሉ።

«እኔ ማብሪያው የት እንዳለ እንኳ አላውቅም። ሳልጀምር ስኖር አንድም ሰው ወቅሶኝ አያውቅም ነበር፤ ምን አለ ቢተዉኝ! ጀምራችኋል ብሎ ያስወራብንን ሰው ባገኘው...»

«ምን ታደርገዋለህ?» አልኩ፣ ውኃው በእጅጌዬ እየገባ።

«ምን አደርገዋለሁ? ሥራውን አስረክበው ነበር።»

«ነገ ከተያዝክስ ምን ትላቸዋለህ?»

«እውነቱን ነዋ! ደባርቆች ናቸው የጻፉት እላለሁ። ከዚያ የእናንተን አለቃ ይጠይቁ።»

አቶ ምናሉ ሲጠየቁ ወደ ማን እንደሚዞሩ ለእናንተ አልነግርም። ለሲሳይም አልነገርኩትም።

በመልሱ ጉዞ ሚኒባሱ ውስጥ የሆነውን ብታዩ! ሰዓዳ ዓይኗ ቀልቷል። «የገበያ ዳንቴል ይዘው ሊቀድሙን!» ትላለች። መሪጌታ ጉልበታቸውን ረስተው ነገ ጠዋት ራሳቸው እንደሚጀምሩ ማሉ። «ልጄ፣ በጠዋት ነይ፤ ፊደሉን ከለመድኩ ደባትን በአንድ ሳምንት ነው የምጥላት» አሉኝ። አቶ ምናሉ ከፊት ወንበር ዞረው በሁሉ ፊት «ትርንጎ፣ ተነሳሽነት ማለት ይህ ነው!» አሉ። ሁሉም አጨበጨበልኝ። ሾፌሩም ምን እንደሆነ ሳያውቅ አጨበጨበ፤ መሪውን ለቅቆ። ይህን ጊዜ እንኳ ብንገለበጥ አልጠላም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ምን አደረግሁ?

አቶ ምናሉ ጋ ደወልኩና ጥርሴን አመመኝ አልኳቸው። ድምፄ ስለሚንቀጠቀጥ በጣም አዘኑልኝ። «እኛ እንጠብቅሻለን፤ መሪጌታ ከጎህ ጀምሮ ወንበር ስበው ተቀምጠዋል፤ ሰዓዳም ዳንቴሉን በእጇ አንሥታዋለች» አሉኝ። እኔ ይህን ስሰማ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ወደ ደባት በምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ።

ከለቅሶ የተመለሰውን ሰው በሩ ላይ ይዘን ቁልፉን አስወጣነው። የሲሳይን እናት ቴሌቪዥን በክብር አንሥተን ኮምፒዩተሩን ከካርቶኑ አወጣነው። ማብሪያውን አሳየሁት። በማዶ ያለው ፀጉር ቤት ሲዘምርልን አረፈደ። ጎንደር የተማርኩትን ሁሉ፣ ለደባርቅ ሠራተኞች አፌ ተይዞ ያላስተማርኩትን ሁሉ፣ ለሲሳይ አንድም ቃል ሳልውጥ ነገርኩት። ፍርሃት እንዲህ አንደበተ ርቱዕ ያደርጋል ብሎ ማን ገምቶ ነበር? ስድስት ሰዓት ሳይሞላ የመጀመሪያዎቹን መጻሕፍት አስገባን፤ አለቆቹ ሲመጡ የሚያዩት ነገር ተገኘ።

እንግዲህ ደባቶች ጀምረዋል። ዋሽተሻል የሚለኝ ሰው ካለ፣ ትንሽ ቀድማ ተናገረች ቢለኝ ነው ፍትሑ።