አሥራ አንዱ ሥራ ፈቶች

[ታፊላልት፣ በበረሃ ዳር ያለ ሸለቆ፤ የተምር አበባ የሚፈነዳበት ሰሞን፤ ረፋድ ላይ። ከዛፎቹ ጥላ ሥር አንድ ጠረጴዛ ተዘርግቷል። በላዩ ያለው ወፍራም ጥራዝ «የምግብ ዋስትናን ለማረጋገጥ የተዘጋጀ ብሔራዊ የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ዕቅድ» ይባላል። የጻፈው ዶክተር ዙሄይር ከዋና ከተማው ከራባት የመጣ የቤተ ሙከራ ሰው ነው፤ ዕድሜው ሠላሳ አራት፣ ቁጣው የስድሳ። ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሐዱ፣ አገሬው በአክብሮት «ባ ሐዱ» (አባ ሐዱ) የሚለው፣ ስድሳውን ካለፈ ቆይቷል፤ ዕድሜውን በሙሉ ተምር ላይ ሲወጣና ሲወርድ ኖሮ አሁን የሙከራው ማሳ ጠባቂ ነው። ከኋላቸው ግንዳቸው በቀይ ቀለም የተለቀለቀ አሥራ አንድ ዛፎች ቆመዋል፤ ዛሬ እንዲቆረጡ ታዟል። ሐዱ ግን ወደ ዛፎቹ ዞር ብሎ እንኳ አላየም። ከነጋ ጀምሮ ዓይኑን የተከለው ጥራዙ ላይ ነው።]

ዶክተር፦ ግራ አውራ ጣትህን ነው ያልኩህ፣ ባ ሐዱ።

ሐዱ፦ በግራዬ ገመድ እይዝበታለሁ። ቀለም ከነካው ያንሸራትተኛል።

ዶክተር፦ እንግዲያው ቀኙን።

ሐዱ፦ በቀኜ ማጭድ አለ።

ዶክተር፦ ታዲያ በምንህ ልትፈርም ነው?

ሐዱ፦ የምፈርምበትን ነገር ካወቅኩ አንድ ጣት አይጠፋም።

ዶክተር፦ ስንት ጊዜ ልንገርህ? የመጨረሻው ገጽ «ገበሬው ተማክሯል» ይላል። ገበሬው አንተ ነህ።

ሐዱ፦ መቼ ነው የተማከርኩት?

ዶክተር፦ አሁን።

ሐዱ፦ መጽሐፉስ መቼ ተጽፎ አለቀ?

ዶክተር፦ ባለፈው ኅዳር።

ሐዱ፦ [ጢሙን እያሻሸ] ሳልጠየቅ መክሬያለሁ ማለት ነዋ።

ዶክተር፦ ነገር አታዙርብኝ። እኩለ ቀን ላይ መኪና መጥቶ ጥራዙን ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይወስዳል። ከዚያ በኋላ በየሸለቆው ሦስት ሚሊዮን ችግኝ ይተከላል። ባዩድ የሚሉት የተምር በሽታ የማይነካው ችግኝ። ለመሆኑ ባዩድ ስንት ዛፍ ፈጀብህ?

ሐዱ፦ የአባቴን በሙሉ። ቅጠላቸው እየነጣ፣ አንድ በአንድ ደረቁ። አንዷ ብቻ ናት የተረፈችው።

ዶክተር፦ አየህ፣ እኔ ያቺን የተረፈችውን ወሰድኩ። ከእሷ ቁራጭ ቆርጬ በጠርሙስ አራባሁት። ሦስት ሚሊዮን ልጆች፣ ሁሉም ቁርጥ እናታቸውን።

ሐዱ፦ ሁሉም ሴት?

ዶክተር፦ አንድም ወንድ የለባቸውም።

ሐዱ፦ እዚህ ያሉትን አሥራ አንዱን ወንዶች ደግሞ ቀይ ቀባሃቸው።

ዶክተር፦ ወንድ ተምር ያፈራል እንዴ?

ሐዱ፦ አያፈራም።

ዶክተር፦ ውሃስ ይጠጣል?

ሐዱ፦ ይጠጣል።

ዶክተር፦ ታዲያ አገር በድርቅ እየነደደ፣ ምንም የማያፈራ ሥራ ፈት ዝም ብሎ እየጠጣ ይኑር?

ሐዱ፦ እንዲህ ያሉት ራባትም ሞልተዋል ሲባል እሰማለሁ። እነሱን ግን ቀይ የቀባ አልተገኘም።

ዶክተር፦ [እንዳልሰማ ሆኖ ገጽ እየገለበጠ] ገባኝ፣ ገባኝ። ሥራዬን ላጣ ነው ብለህ ሰግተሃል። አልረሳሁህም እኮ። ይኸው፣ ገጽ መቶ ዘጠና። «በአበባ ወቅት አዛውንቶች የአበባ ነዶ ወገባቸው ላይ ታጥቀው ዛፍ የሚወጡበት ጥንታዊ ትርኢት ለቱሪስት መስህብነት ይጠበቅ።»

ሐዱ፦ ትርኢት?

ዶክተር፦ ቅርስ ነው።

ሐዱ፦ እኔ የወንዱን አበባ ሰንጥቄ ሴቷ አበባ መሃል የማስረው እንድታፈራ ነው። አባቴም ይህንኑ ነበር የሚሠራው፣ የእሱም አባት።

ዶክተር፦ ነበር። አሁን ግን ጠብታ አለኝ። ጠብታዬ ያረፈበት አበባ ያለ ወንድ ያፈራል። አንተ ሥራው ቀርቶልህ ትርኢቱን ብቻ ታሳያለህ። የሚያምር ልብስም ይሰፋልሃል።

ሐዱ፦ ቱሪስቱ ያጨበጭባል፣ እኔ እወርዳለሁ። ከዚያ ምን እንበላለን?

ዶክተር፦ ተምር ነዋ። የጠብታውን ተምር።

ሐዱ፦ ይሄን መጽሐፍ ስትጽፉ እንዲያው ከመሃላችሁ አንድ የራበው ሰው ነበር?

ዶክተር፦ እንዴት ይርበናል? አምስቱም ዐውደ ጥናት ምሳ ነበረው።

[ሐዱ የጣት ፊርማ ቀለም የያዘችውን ቆርቆሮ በአንድ ጣቱ ገፋ አድርጎ አራቃት። ዶክተሩ መልሶ አስጠጋት።]

ዶክተር፦ ማስረጃ ከፈለግህ አጥሩ ውስጥ ሄደህ ቁጠር። አርባ የሙከራ ዛፍ አለ። አምና አርባውንም ጠብታ ሰጠኋቸው። አጥሬዋለሁ፣ ማንም እንዳይገባ ከልክያለሁ። ሠላሳ ዘጠኙ እስኪዘነበሉ ድረስ አፈሩ።

ሐዱ፦ አርባኛውስ?

ዶክተር፦ ሃያ ሦስት ቁጥር። [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] እሱን ተወው፤ የዘር ጉድለት አለበት። ምዕራፍ ሰባት በሙሉ ስለ እሱ ነው፤ አርባ ገጽ። ቅጠሉን ባሕር ማዶ ልኬ አስመርምሬአለሁ።

ሐዱ፦ ምን አሉህ?

ዶክተር፦ ጤነኛ ነው አሉ። በጣም የተደበቀ ጉድለት መሆኑ የታወቀው ያኔ ነው።

ሐዱ፦ ተርብ ነው።

ዶክተር፦ ምን?

ሐዱ፦ ሃያ ሦስት ቁጥር አናቱ ላይ ተርብ ቤት ሠርቷል። ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለት ጊዜ ነደፈኝ። ዓይኔ አብጦ ያየኸኝ ያኔ ነው። በሦስተኛው ተውኩት።

ዶክተር፦ ምን ልትሠራ ነው የወጣህበት?

ሐዱ፦ ምን ልሠራ እወጣለሁ? ከእነዚህ ከቀባሃቸው ከአንዱ አበባ ቆርጬ ላስር ነዋ።

ዶክተር፦ አጥሩ ውስጥ? ማንም እንዳይገባ ብዬ አልነበረም እንዴ?

ሐዱ፦ ብለሃል። ቁልፉን የሰጠኸው ግን ለእኔ ነው።

ዶክተር፦ [ቀስ ብሎ እየተቀመጠ] ስንቱ ላይ ነው የወጣኸው?

ሐዱ፦ ሠላሳ ዘጠኙ ላይ።

[ከዛፎቹ አናት ርግብ ተነሥታ በረረች። ዶክተር ዙሄይር በዓይኑ ተከተላት፤ መልሱን ይዛ የሄደች ይመስል።]

ዶክተር፦ ይሁን፤ ያንተም ረድቶ ይሆናል። የጠብታው ድርሻ ግን ይበልጣል።

ሐዱ፦ ሃያ ሦስት ቁጥር ጠብታ ቀርቶበት ነበር?

ዶክተር፦ ኧረ እሱማ ጉድለት አለበት ብዬ እጥፍ ነው የሰጠሁት።

ሐዱ፦ እንግዲህ እጥፍ ጠብታ አግኝቷል። እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁበት።

ዶክተር፦ [አንገቱ ላይ ያሰረውን ከረባት እያላላ] ለምን አልነገርከኝም?

ሐዱ፦ ስትመጣ አንገትህን አቀርቅረህ ማሽንህን ታያለህ፣ ስትሄድም እንደዚያው። አበባው ደግሞ ከአምስት ስድስት ቀን በላይ አይጠብቅም። ተከፍቶ ቆሞ ሲያየኝ ማለፍ እጄ አላስቻለውም። አንተ ከሆቴልህ እስክትመጣ ጨርሼ እወርድ ነበር።

ዶክተር፦ እና ሦስት ሚሊዮኑ...

ሐዱ፦ ሦስት ሚሊዮን ሃያ ሦስት ቁጥር ነው የምትተክለው። ሰዉ ያለችውን ውሃ እያጠጣ ሰባት ዓመት ይጠብቃል። በሰባተኛው ዓመት ወንዱም ተቆርጧል፣ ዛፍ መውጣት የሚያውቀውም ልብስ ተሰፍቶለት ቱሪስት ፊት ይጨፍራል። አንተ ደግሞ ስለ ጉድለቱ ሌላ መጽሐፍ ትጽፋለህ።

ዶክተር፦ ሦስት ኮሚቴ አጽድቆታል እኮ፣ ባ ሐዱ።

ሐዱ፦ ከኮሚቴው ዛፍ ላይ የወጣ አለ?

ዶክተር፦ ፎቶ አሳይቻቸዋለሁ።

ሐዱ፦ የምን ፎቶ?

ዶክተር፦ የሠላሳ ዘጠኙን።

[ከመንገዱ በኩል የመኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ አንዴ፣ ደግሞ ረዘም አድርጎ። ዶክተር ዙሄይር ጥራዙን በሁለት እጁ ያዘው። ሐዱ የዶክተሩን እጆች አየ፤ መጽሐፉን ይዞ ሊሮጥ ይሆን? ዶክተሩ ግን ከደረት ኪሱ ብዕር አወጣ። ምዕራፍ ሰባትን ከዳር እስከ ዳር ሰረዘ። «አንድም ወንድ» የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ።]

ዶክተር፦ እርስዎ ለመቶ ሴት ስንት ወንድ ይበቃል ይላሉ?

ሐዱ፦ ሁለት። ሦስት ካደረግከው አትጸጸትም፤ አንዱ ይሞታል።

ዶክተር፦ [እየጻፈ] የሚወጣ ሰውስ?

ሐዱ፦ እሱንም ጻፈው። አስተማሪ አድርገህ፣ ደመወዝ ቆርጠህለት። ጨፋሪ ብለህ አይደለም።

ዶክተር፦ [ብዕሩን ጥሎ ብድግ አለ] ሰዎቹ! ሰኞ የቀጠርኳቸው ቆራጮች! ይሩጡ፣ ባ ሐዱ፣ ያስቁሟቸው!

ሐዱ፦ [ሳይነቃነቅ] ቁጭ በል።

ዶክተር፦ ዛሬ ቁረጡ ብዬ ፈርሜያለሁ እኮ!

ሐዱ፦ መጋዝ እየሳሉ ነው።

ዶክተር፦ ከመቼ ጀምሮ?

ሐዱ፦ ከሰኞ።

ዶክተር፦ ሦስት ቀን ሙሉ መጋዝ ይሳላል?

ሐዱ፦ የእያንዳንዳቸው ጓሮ ተምር የሚያፈራው ከእነዚህ ከአሥራ አንዱ እየወሰዱ ነው። አንተ እስክትሄድ ይስሉታል። ካንተ በፊት የመጣው ዶክተር ወንዞቹን ሁሉ ቱቦ ውስጥ እንክተት ብሎ ነበር፤ ለእሱ አካፋ ሲስሉ ሁለት ወር ቆዩ።

ዶክተር፦ [መነጽሩን አውልቆ] ቆይ። እርስዎ ዛፎቹን ማንም እንደማይነካቸው ያውቁ ነበር?

ሐዱ፦ አገሩ ሁሉ ያውቃል።

ዶክተር፦ ታዲያ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ቁጭ ብለው ከእኔ ጋር የሚጨቃጨቁት ለምንድን ነው?

ሐዱ፦ እኛማ እናውቅሃለን፣ ልጄ። መጽሐፉ የሚሄድበት አገር ያሉት ግን አያውቁህም። ሊያምኑህ ይችላሉ።