የወንድሜ ጫጫታ ዱቡሻ የወጣ ዕለት

ሰው ሙዚቃ ሲሰማ ዓይኑን የሚጨፍነው ለምንድን ነው? እኔ አይገባኝም። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ከተቀመጥኩ ወይ አሞኛል ወይ ጸሎት ላይ ነኝ። አርፎ ቁጭ ብሎ መስማት የሚባል ነገር አልተሰጠኝም። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ፀጉር ቤት አለኝ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው። ደንበኛዋ ተቀምጣ እኔ ቆሜ፣ ደንበኛዋ ዝም ብላ እኔ እያወራሁ። ማንም ቅር ብሎት አያውቅም። ቢላትስ፣ ፀጉሯ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ሳይሠራ ወዴት ትሄዳለች?

እንግዲህ ከዘመድ ሁሉ የአሸናፊን ሙዚቃ ለመዳኘት የማልመች ሰው ብትፈልጉ እኔ ነኝ። ታዲያ አልመችም ብዬ ዝም ልበል? አይሆንም!

አሸናፊ ታናሽ ወንድሜ ነው። ዶርዜ ነው ያደግነው፤ አባባ ሸማኔ ነው። አሸናፊንም ከጎኑ አስቀምጦ ሽመና አስተማረው። ልጁ ጎበዝ ነበር፤ ግን እንደ እኔ እግሩ አያርፍም። አንድ ቀን የጀመረውን ጋቢ ድሩ ላይ እንዳለ ጥሎት ወደ እኔ ወረደ። እናንተዬ፣ ሸማኔ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ! አባባ ያንን ጋቢ አልጨረሰውም፣ አልቆረጠውምም፤ እንዳለ ተወው። ከዚያ ወዲያ ስልክ ስደውል የአሸናፊን ስም አይጠራም። “ያ ልጅ ደህና ነው?” ነው የሚለኝ። አሸናፊም ከጓዳ ሆኖ፣ “ደህና ነው በይው” ይለኛል። በሁለቱ መሃል እኔ ፖስታ ቤት ሆኜ ዓመታት አለፉ።

አሸናፊ ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ያለችውን ክፍል ያዘ። ከዚህም ከዚያም ለቃቅሞ ኮምፒውተር ገጣጠመ፤ ማይክ ገዛ። ከዚያ ድምፅ መልቀም ጀመረ። ሰው ቡና ይለቅማል፤ ወንድሜ ድምፅ ይለቅማል። ብየዳ ቤት ይሄዳል። ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የሚያጠጣ የውሃ ፓምፕ አጠገብ ተንበርክኮ አይተውት፣ “ወንድምሽን ምን ነካው?” ብለው የነገሩኝ አሉ። መብራት ሲጠፋ ሰው ይራገማል፤ እሱ ማይኩን ይዞ ይወጣል፣ ጄኔሬተሮቹ ሁሉ ባንዴ ይነሳሉና።

አንድ ቀን አልበም ጨርሻለሁ አለኝ። እልልልል አልኩ! ሳልሰማ። ምን ላድርግ፣ አልበም ሲባል እኔ የመጣልኝ ፍቅር፣ ትዝታ፣ ምናምን ነው። ስሙ ማን ነው ብለው፣ “ቁጭ በል” አለኝ። እሱም ዘፈን ነው ብዬ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራሁ። ዳቦ ሁሉ ገዝቻለሁ።

ከፈተው። ወይ ጉድ! ምን ብዬ ልንገራችሁ? ብረት በብረት ይፋቃል። አንድ ነገር ይጮሃል፣ ሌላው ይመልስለታል፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ይጨፈልቃቸዋል። በመሃል፣ ዶርዜ ሳለ በስልኩ የቀዳው የአባባ የሽመና መወርወሪያ ከወዲያ ወዲህ ይላል፤ ከዚያ ደግሞ የራሱ የአባባ ድምፅ፣ “ቁጭ በል! ቁጭ በል! ቁጭ በል!” ይላል፤ አንዴ ቀስ ብሎ፣ አንዴ ፈጥኖ፣ አንዴ ተቆራርጦ። ዳቦው በሰው እጅ ላይ ቀረ። ከጎኔ ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ ጨዋ ሰው ናቸው፤ አንገታቸውን ደፍተው ብዙ ታገሡ። በኋላ ወደ አሸናፊ ጠጋ ብለው፣ “ልጄ፣ መቼ ነው የሚጀምረው?” አሉት። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ደርሰን ነበር።

ሲዲው ገበያ ወጣ። ከዚያ በኋላ አርባ ምንጭ ለሁለት ተከፈለ ብላችሁ አልዋሸሁም። አንዱ ሰውዬ ማጫወቻው የተበላሸ መስሎት ለጠጋኝ ወሰደው። ጠጋኙ ፈታው፣ ጠረገው፣ መልሶ ገጠመው፤ ያው ነው። ማጫወቻህ ደህና ነው ቢለው፣ “እንግዲያው እኔ ነኝ የተበላሸሁት?” ብሎ ተቆጥቶ ሄደ። ምዕራብ ዓባያ አንድ ሠርግ ላይ በስህተት ተከፍቶ ሙሽራው ራሱ ተነስቶ አጠፋው አሉ። በሌላ ወገን ደግሞ ሙዝ ጭኖ አዲስ አበባ የሚመላለስ የአይሱዙ ሾፌር አለ፤ ይህን ከፍቼ እንቅልፍ የሚባል ነገር አይደፍረኝም ብሎ ሁለተኛ ገዛ። ረዳቱ ግን ሥራ ለቀቀ። ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡት ልጆችማ ጭራሽ አሸናፊን ሲያዩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ይህ የዘመናችን ጩኸት ነው ይላሉ። የጀርባ ክፍሌን በር ፎቶ አንስተው ይሄዳሉ። አንዷ ደንበኛዬ ደግሞ ሕፃን ልጇ ያለሱ አልተኛ አለ፤ ባሏ ደግሞ ሕፃኑ ተኝቶ እኔ ላብድ ነው ብሎ እናቱ ቤት ገባ።

እኔ ከየትኛው ወገን ነበርኩ? ከሁለቱም! የምትጠላው ፀጉሯን ልትሠራ ስትመጣ አብሬ እጠላለሁ፤ የምትወደው ስትመጣ አብሬ አደንቃለሁ። ምን ይደረግ፣ ሥራ ነው። ብቻ አንድ ነገር አስተውያለሁ፤ የሚወደውም የሚጠላውም እስከ መጨረሻው የሰማው የለም። ያ ሾፌር እንኳ ሁለተኛውን ዘፈን ሲጨርስ ወደ መጀመሪያው ይመልሰዋል። አሸናፊን የሚያበሳጨው ይህ ነበር። “ይጥሉት፣ ግን ሰምተው ይጥሉት” ይለኛል።

ነገሩ ዶርዜ ደረሰ። በገበያ ቀን አንድ ሱቅ ሲዲውን በትልቅ ድምፅ ማጉያ ከፈተው። የአባባ ድምፅ በገበያው ላይ፣ “ቁጭ በል! ቁጭ በል!” ይላል። ሰው ሳቀ። ከዚያ ወዲያ አባባ ጥጥ ሊገዛ በወጣ ቁጥር ልጆች ከአጥር ኋላ ሆነው ቁጭ በል እያሉ ይጮሁበት ጀመር። አስቡት እንግዲህ፤ ዕድሜውን ሁሉ ተከብሮ የኖረ ሰው! አባባ ነገሩን ዱቡሻ ወሰደው።

ዱቡሻ ማለት አገር ቤት የአደባባያችን ስም ነው፤ ሰው ሲጣላ፣ ድንበር ሲገፋ፣ በደል ሲኖር ሽማግሌዎች ሜዳው ላይ ተቀምጠው ነገር የሚሰሙበት። መልእክቱ በአክስቴ በኩል መጣ። ያ ልጅ መጥቶ ፊት ለፊት ይናገር፤ ሲዲውን ካልሰበሰበ ግን ዳግመኛ አባቴ እንዳይለኝ፤ ይኸው ነው። አሸናፊ እህል አልወርድ አለው። ሥራዬን አልሰበስብም ይላል፤ መልሶ ደግሞ፣ “እትዬ፣ በእርግጥ አባቴ እንዳይለኝ ነው ያለው?” ብሎ ይጠይቀኛል። ነው እለዋለሁ። ሸሚዙን ተኩሶ፣ ማጫወቻውንና የመኪና ባትሪ ተሸክሞ፣ አብረን ወደ ዶርዜ ወጣን።

ዶርዜ ጉም ወርዶ፣ ብርዱ አጥንት ይገባ ነበር። ሽማግሌዎቹ ቡሉኳቸውን ተከናንበው ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። እኛ ሴቶች ፈንጠር ብለን ከቀርከሃው ሥር ተቀመጥን። ምርቃት ተመረቀ። አባባ ቆሞ ክሱን ተናገረ። ልጄ ጥሎኝ ሄደ፤ እሱን ቻልኩት፤ አሁን ድምፄን ሰርቆ መሳቂያ አደረገኝ፤ ይህን አልችልም አለ። አጭር ነበር።

አሸናፊ ተጠየቀ። ሲዲውን ብትሰሙት ይሻላል አለ። ዋናው ሽማግሌ ትንሽ አሰቡና ክሱ በዕቃው ላይ ነው፤ እንግዲያው ዕቃው ይናገር ብለው ፈረዱ። ማጫወቻው መሃል ላይ፣ ተናጋሪ በሚቆምበት ቦታ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዱቡሻ ላይ የሚናገር ሰው አይቋረጥም። ጨርሻለሁ እስኪል ድረስ ማንም አይነሳም፣ ማንም ጎኑ ካለው ጋር አያወራም፣ ፊቱን እንኳ አያኮሳትርም። እብድ ቢሆን ይሰሙታል። አሸናፊ ቁልፉን ሲጫን ይህ ትዝ አለኝና ወይኔ ጉዴ አልኩ።

ተጀመረ። ብረቱ ተፋቀ፣ ወፍጮው አጓራ። አንድ ላም ገመዷን በጥሳ ሄደች። ውሻ ጮኸ፣ ጭራውን ሸጉጦ ጠፋ። ሽማግሌዎቹ ንቅንቅ የለም! አገጫቸውን ዱላቸው ላይ አድርገው ይሰማሉ። አንዱ ጆሮው ደከም ያለ ነው መሰል፣ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ ማጫወቻው ጠጋ አለ። እኔስ? እኔማ ሞትኩ። መነሳት የለ፣ ማውራት የለ። አክስቴ ጉልበቴን ጨምድዳ ይዛኛለች። የአባባ ድምፅ ሲመጣ ቁጭ በል ቁጭ በል ሲል፣ አባባ መሬት መሬት አየ። ማንም አልሳቀም። የመጨረሻው ከሁሉ የሚረዝመው ነው፤ ማረፊያ የለው፣ እስትንፋስ የለው፣ ያለማቋረጥ ይፈጫል። ሲያበቃ ሜዳው ጭር አለ። ማንም አልተነፈሰም፤ ዕቃው ትንፋሽ እየወሰደ ቢሆንስ?

ዋናው ሽማግሌ፣ “ጨርሷል?” ብለው ጠየቁ።

አሸናፊ፣ “ጨርሷል” አለ።

የሚጨምረው የለም ወይ ቢሉት፣ የለም አለ። ዓይኑ አብርቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዎች ሥራውን ከዳር እስከ ዳር ሰምተውለታል!

ከዚያ ተራ በተራ ተናገሩ። አንዱ ይህ ሰው ክፉኛ ተበድሏል አሉ። ሌላው ቃሉን ደጋግሟል፤ የተበደለ ሰው ይደጋግማል አሉ። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው በደል መጨረሻ ላይ ያለው ነው፤ እሱን ስሰማ እኔም ልጮህ ነበር አሉ። ሙዚቃ የሚል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም። አሸናፊ ተነሳና አባቶቼ፣ ይህ እኮ አቤቱታ አይደለም፣ ሙዚቃ ነው ሊል ሲጀምር፣ በትሕትና አስቀመጡት። ቅድም ጨርሻለሁ ብለሃል፤ አሁን ተራው የእኛ ነው አሉት።

ዋናው ሽማግሌ ወደ አባባ ዞሩ። ልጅህ ይህን ሁሉ በሆዱ ይዞ ከጎንህ ሲቀመጥ አንድ ቀን ምን ሆነሃል ብለኸዋል ወይ አሉት። አባባም፣ “ቁጭ በል የምለው እንዳይሄድብኝ ብዬ ነበር” አለ።

እኔ ከዚያ በላይ አልቻልኩም፤ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። አሸናፊም አለቀሰ። እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ታረቁ። አባባ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ፤ በስሙም ጠራው። በስሙ! ተመረቁ፤ እኔም ከሴቶቹ መሃል ከሁሉ አስበልጬ አሜን አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ግን አልጨረሱም ነበር። የታረቀ ነገር ተቀብሯል፤ አባትም ልጅም ዘመድም ዳግመኛ አያነሳውም አሉ። ስለዚህ ይህ ዕቃ ከዛሬ ወዲያ አይናገርም፤ በገበያም፣ በመኪናም፣ በቤትም። የሚከፍተው ሰው የተቀበረ ጠብ ቆፋሪ ነው። አሸናፊን ብታዩት! ከአባባ ትከሻ ላይ ቀና ብሎ፣ አፉን ከፍቶ ቀረ። አባቱ እንደያዘው ነው። “ይሁን” አለ።

ሚኒባሱ ያን ጠመዝማዛ መንገድ ይዞን ሲወርድ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። የአይሱዙውን ሾፌር ምን ልለው ነው፣ ተማሪዎቹንስ ይላል። “አንድ ሰው እስከ መጨረሻው ይስማልኝ ብዬ እየለመንኩ ኖርኩ። የሰሙት ቀበሩት” ይላል። መልሶ ደግሞ አባባ በስሙ መጥራቱ ትዝ ሲለው ፈገግ ይላል። እኔም ታዲያ አሁን እውነቱን ንገረኝ፤ ያን ሁሉ የሠራኸው በአባባ ተናደህ ነው ወይ አልኩት።

በመስኮቱ ሐይቁን ሐይቁን አየ። “የአባባ ሁለቱ ዘፈኖች ብቻ ናቸው” አለኝ።

“ሌሎቹስ?”

“ሌሎቹ አንቺ ነሽ።”

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ከጓዳ ሆኖ በግድግዳው በኩል ስሠራ ሳወራ ይቀዳኝ ኖሯል። ወራት ሙሉ! ድምፄን አፍጥኖ፣ አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ፣ ከብየዳው ጋር ፈጭቶታል። ያ የመጨረሻው፣ ያ ማረፊያ የሌለው፣ ያ ሽማግሌው ልጮህ ነበር ያሉለት፣ የእኔ ወሬ ብቻ ነው አለኝ፤ ምንም አልጨመረበትም።

የምመልሰው ስንት ነገር ነበረኝ መሰላችሁ! ከዶርዜ እስከ ሲቀላ ቀርቶ እስከ አዲስ አበባ የሚበቃ። ግን ምን ላድርግ፣ ነገሩ በእርጥብ ሣር ተዘግቷል፤ ዘመድም አያነሳውም ተብሏል፤ አሜን ያልኩት ደግሞ እኔው ነኝ። ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ቃሌን ጠብቄ፣ ለአንድ ሰው እንኳ ትንፍሽ አላልኩም።