ሊቀ ሻንሲ ሬክስ

በዚህ አገር ከጫፍ እስከ ጫፍ ብትዞሩ፣ ጋራዡ ውስጥ የተፈታታ መኪና የሌለበት መንገድ አታገኙም። ከመኪናው ሥር ሁለት እግር ብቅ ብሎ ይታያል። የእግሮቹን ባለቤት መቼ ያልቃል ብላችሁ ብትጠይቁት “ለገና ይደርሳል” ይላችኋል። የትኛው ገና እንደሆነ ነግሮ አያውቅም።

የእኛ መንገድ እግሮች የክቡር ሊቀ ሻንሲ ሬክስ ፔንጌሊ ናቸው። ሬክስ ዕድሜውን በወደቡ የስንዴ ጎተራ ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱ ቤሪል የሞተችበት፣ በአጥር የምንዋሰን ጎረቤቴ ነው። ልጁ ጃኒን የምትኖረው በአገሩ ሌላኛው ጫፍ፣ ኬርንስ ነው። ክፍል አዘጋጅታ “ና አባዬ፣ አብረን እንኑር” እያለች ትወተውተዋለች። እሱም የእናቷን አሮጌ ፒክአፕ አድሶ፣ እሷኑ እየነዳ ሊመጣላት ቃል ገብቷል። እንግዲህ ፒክአፑ አለቀ ማለት ሬክስ ሄደ ማለት ነው። ስልክ ስለማያነሳ ጃኒን የምትደውለው ለእኔ ነው፤ እኔም “ለገና ይላል” እላታለሁ። ይህን ሰውዬ ከጎኔ የሚያነሳልኝን ቀን ስጠብቅ አረጀሁ።

መጀመሪያ የፒክአፑን ቦዲ ከነጋቢናው አነሳና ግቢዬ ውስጥ፣ ሎሚዬ ሥር አስቀመጠው። “ለሁለት ሳምንት ብቻ፣ እታለም” አለኝ። አሁን ዶሮዎቼ እንቁላል የሚጥሉት የሹፌሩ ወንበር ላይ ነው።

የቀረው ሻንሲው ነበር። ሻንሲ ማለት መኪናው ከተገጣጠመ በኋላ ማንም የማያየው አጥንት ነው። ሬክስ ግን ለሙሽራ እንኳ እንዲህ አይጠነቀቅላትም። በሽቦ ብሩሽ ይፍቃል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያሻል፣ በጨርቅ ያብሳል፣ ከዚያ አፍንጫውን አስጠግቶ ይመረምራል። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ መብራት እይዝለታለሁ።

“አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ማን ሊያየው ነው?” አልኩት አንድ ቀን።

“ዝገት ያየዋል” አለኝ።

ጸረ-ዝገቱን ቀባ፤ የደቡብ ነፋስ ተነሥቶ የባሕር ዳርቻውን አሸዋ አለበሰለት። ፋቀው። ጥቁሩን ቀለም ቀባ፤ የመንደሩ ዝንብ ሁሉ የተጠራ ይመስል መጥቶ ተለጠፈበት። ዝንቦቹን በወረንጦ አንድ በአንድ ለቀመና እግራቸው ያረፈበትን ለማስተካከል ብሎ ሁሉንም እንደገና እስከ ብረቱ ፋቀው። ማልቀስ የቃጣኝ እኔን ነው፤ እሱ እቴ! “ዝገት አይቸኩልም፣ እኛም አንቸኩል” ይላል። ይህችን አባባሉን በቀን ስንቴ እንደምሰማት አትጠይቁኝ።

ማዶ ያለው ኬቭ ውሻውን ሊያንሸራሽር ሲወጣ በራችን ላይ ቆሞ ማሾፍ ልማዱ ነው።

“ሬክስ፣ የኖኅ መርከብ እንኳ ከዚህ ፈጥና አልቃለች እኮ!”

“መርከቧ የእንጨት ነበረች” አለው ሬክስ ከሥር ሆኖ። “እንጨት አይዝግም።”

ከዚያ የዓሣ ዘይቱ መጣ። ሻንሲ ከውስጥ በዝገት እንዳይበላ ቀዳዳ ቀዳዳው ውስጥ የዓሣ ዘይት መርጨት ከአባቱ የወረሰው ዘዴ ነው። መንደራችን ድሮም ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ እንኳን ዘንቦበት እንዲያውም ጤዛ ነው እንዲሉ። የሰፈሩ ድመቶች ጠቅላላ ጉባኤ ጠሩ። አንድ ፔሊካን የሚሉት ዓሣ በል ወፍ ከወደቡ ድረስ በእግሩ መጥቶ ጋራዡ በር ላይ ተገትሮ ዋለ። የታጠበ ልብሴ ሸትቶ ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ የሚቀመጥ ጠፋ። በቃ፣ ይህ ሰው ከዚህ ሻንሲ ሥር ይቀበራል ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ጉድ መጣ። ነፋስ አልነበረም፤ ዝንብም አልነበረም። ሊቀ ሻንሲ ከሥር ተንፏቆ ወጣ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ደግሞ ምን አገኘ ብዬ ፍርዱን ጠበቅሁ።

“አለቀ፣ ሞሪን” አለኝ።

“ምኑ?”

“ሻንሲው። እንከን የለበትም። ነገ ኬቭን ጠርተን ቦዲውን እንጭናለን። ሌላው የቀናት ሥራ ነው።”

እልል ማለት ነበረብኝ። ስንት ዓመት የለመንኩት ቀን ነው! ግን እልልታው አልመጣልኝም። ሬክስም ደስ ያለው አይመስልም፤ በአጥሩ በኩል ዶሮዎቼን ያያል። “ጃኒን ክፍሉን ቀለም አስቀብታዋለች” አለ ለዶሮዎቹ የሚነግር ይመስል።

መብራቱን ያዝኩና ጉልበቴ እያቃሰተ ሻንሲው ሥር ገባሁ። ከዳር እስከ ዳር ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ፊቴን የሚያሳይ ነው። እንከን ስፈልግ ቆየሁ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

“ሬክስ፣ ይቺ ምንድን ናት?” አልኩ ጣቴን አሳርፌ።

“የቷ?”

“ይቺ። ቡናማዋ።”

ከመንገድ ማዶ ሆኖ የሰው መኪና ላይ የዝገት ነጥብ የሚለይ ሰው መነጽሩን አወለቀ፣ ወለወለ፣ መልሶ አደረገና አጠገቤ በጀርባው ተንጋለለ። እዚያ ቦታ ላይ ከጣቴ በቀር ምንም አልነበረም። እሱ ግን ረጅም ጊዜ አየው።

“አዬ” አለ በመጨረሻ። “ከሥር ገብቷል። ይሄ እስከ ብረቱ መፋቅ አለበት።”

“ሁሉም?”

“ሁሉም። ዝገት አይቸኩልም፣ እታለም።”

“ጃኒን ስትደውል ምን ልበላት?”

“ለገና በያት” አለና እጁን ዘረጋልኝ።

የሽቦ ብሩሹን አቀበልኩት።