የኔታ ሰርቨር

በየከተማው አንድ «ቆይ፣ ከሥሩ ልንገርህ» ባይ አይጠፋም። መንገድ ብትጠይቁት መንደሩን ማን እንዳቀናው ይተርክላችኋል። የደብረ ማርቆሱ መምህር አስማማው የነዚህ ሁሉ አለቃ ነበሩ። ስድስት ዓመት ቅኔ ቤት ከርመው ወደ ኮምፒውተር የዞሩ፣ የአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ናቸው። ተማሪው «የኔታ ሰርቨር» ሲል ማዕረግ ሰጥቷቸዋል። «ፕሪንተሩ ምን ሆነ?» ብሎ የጠየቃቸው ልጅ መልሱ ሳያልቅ ተመርቆ ወጣ እየተባለም ይወራል።

በ2004 ዓ.ም. ከጉንደ ወይን የመጣችው ተማሪ ወንጌላዊት እጃቸው ላይ ወደቀች። የመመረቂያ ሥራዋ የመሣያ ፕሮግራም ነው፤ በማግስቱ ፈታኞች ፊት ትቀርባለች።

«መምህር፣ ስክሪኑ ላይ የሌላ ፕሮግራም መስኮት ሸፍኖት ሲነሣ ሥዕሌ ለምን ይጠፋል?»

«ቆይ፣ ከሥሩ ልንገርሽ» አሉ መነጽራቸውን አውልቀው እየወለወሉ። «ስክሪኑን የሚያስተናግደው ፕሮግራም፣ ዲስፕሌይ ሰርቨር፣ ማለት እልፍኝ አስከልካይ ነው። ማውሱን ስትጫኚ መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ነው። የማን መስኮት እንደሆነ ያያል፤ መልእክቱን በተራው ለባለቤቱ ያደርሳል። እሱ ራሱ አይፈርድም። ድሮ እኮ እልፍኝ አስከልካይ ሲባል...»

ከእልፍኝ አስከልካዩ ወደ ደጅ ጠኚው፣ ከደጅ ጠኚው ወደ አያታቸው የርስት ክርክር ተሻገሩ። ድፍን አንድ ሰዓት ሄደ። የወንጌላዊት ትዕግሥት አለቀ።

«ይበቃኛል መምህር! እርስዎ ሰው ይግባው አይግባው አያዩም፤ ዝም ብለው ያወራሉ!»

መምህር አስማማው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «እውነትሽን ነው» አሉ በዝግታ።

በማግስቱ ፈታኙ ሥዕሉ ሲጠፋ አይቶ የሷኑ ጥያቄ አዙሮ ጠየቃት፤ «ሰርቨሩ ለምን ራሱ መልሶ አይሥለውም?»

«እልፍኝ አስከልካይ ነዋ!» አለች ሳታስበው። የቀረው እዚያው ቆማ ተፈታላት። «መልእክት ያደርሳል እንጂ የሰው ዕቃ አያስቀምጥም። ‹መስኮትህ ተገልጧል፣ እንደገና ሣል› ብሎ ይልካል። የኔ ፕሮግራም ያን መልእክት አይቀበልም፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ፈታኞቹ ሳቁ፤ አለፈች። ሄዳ ይቅርታ መጠየቅ ግን አፈረች። ነገ ዛሬ ስትል ዓመት አለፈ።

በመጨረሻ ስትሄድ መምህር አስማማውን የኪቦርድ አቧራ ሲጠርጉ አገኘቻቸው። አንድ ተማሪ ጠየቃቸው፤ በሦስት ቃል ሸኙት። ወንጌላዊት ደነገጠች። እሷም እንደ ድሮው ልታስወራቸው፣ ብልሃት መስሏት ጠየቀች፤

«መምህር፣ ማውሱን ስንጫን ፕሮግራሙ እንዴት ይሰማል?»

«ሰርቨሩ ይሰማል፤ ለባለመስኮቱ ያደርሳል።»

ልክ ነው። አንድ ቃል አልጎደለውም። ያን ቀን የተናገረችውን መልሳ መዋጥ ብትችል ዲግሪዋን በሰጠች ነበር።

«አልገባኝም» አለች ወንበር ስባ እየተቀመጠች። «ዘርዘር አድርገው ይንገሩኝ፤ እስከ ማታ ጊዜ አለኝ።»

ቀና ብለው ፊቷን ትክ ብለው አዩት፤ ያኔ ሲያስረዷት አንድም ጊዜ እንዲህ አይተዋት አያውቁም።

«ገብቶሻል፣ ልጄ» አሉ በፍቅር፣ ወደ ኪቦርዳቸውም ተመለሱ።