የጋሽ ኦይታ አንዲት ድምፅ

ፈጣሪ ለሰው ልጅ ሁሉ ሁለት ቃል አድሏል፤ እሺን እና እምቢን። በየሰፈሩ ግን አንድ ሰው አይጠፋም፤ እምቢ ስትታደል ወረፋውን ከኋላው ለቆመው ለቅቆ ባዶ እጁን የተመለሰ። በአርባ ምንጭ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር ጋሽ ኦይታ ናቸው፤ ሲቀላ ገበያ ዳር የሚሠሩ ልብስ ሰፊ።

ጋሽ ኦይታን «ይሄ ሱሪ ለፋሲካ ይደርሳል?» ብሎ የጠየቀ ሁሉ «እሺ!» ተብሎ ሄዷል። ለየትኛው ፋሲካ እንደሆነ የጠየቀ ግን የለም። (የእኔን ሱሪ ጉዳይ ለጊዜው እናቆየው።) እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ያስቀድሳሉ፤ ረፋዱ ላይ ደግሞ የጴንጤ ጎረቤቶቻቸው «ብቅ ይበሉልን» ስላሏቸው፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከመዘምራኑ ጋር ያጨበጭባሉ። አንድ ቀን እንግዳ ሊሸኙ መናኸሪያ ሄደው የሚኒባስ ረዳት ክንዳቸውን ያዘና «አባባ፣ ሶዶ ነዎት?» አላቸው። «እሺ» ብለው ገቡ። ያን ያህል ጮሆ የጠራን ልጅ ማሳፈር ነውር መሰላቸው። «ወራጅ» ለማለት የደፈሩት ምዕራብ ዓባያ ሲደርሱ ነው፤ ያውም ሾፌሩ ሙዝ ሊገዛ ስለቆመ። እንግዳው አርባ ምንጭ መናኸሪያ ቆሞ ቀረ።

እንዲህ ያለ ሰው ባለበት ከተማ ምርጫ መጣ።

በጋሽ ኦይታ ምርጫ ክልል ለፓርላማ የቀረቡት ዕጩዎች ሦስት ነበሩ። መጀመሪያ ወደ ስፌት መኪናቸው የመጣው አበልጃቸው ይፍሩ፣ የሙዝ ነጋዴው ነው። «አበልጄ፣ ድምፅህን አደራ!» አለ። ጋሽ ኦይታ መርፌውን አቁመው፣ «እሺ! ታዲያ የማን ልሆን ነው?» አሉት። በማግስቱ ብሩክታዊት መጣች፤ መምህርት ናት፣ የመጀመሪያ ዩኒፎርሟን የሰፉላት እሳቸው ናቸው። «ጋሽ ኦይታ፣ እርስዎ ካልመረጡኝ ማን ይመርጠኛል?» ስትላቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እሺ ልጄ! የማን ልሆን ነው?» ሦስተኛው ክንፉ ነው፤ የሚስታቸው ወንድም። እሱ ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ እርስዎንማ አልጠይቅም» አለ። «እሺ!» አሉት፣ ያልተጠየቁትን።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ያን ቀን ምዕራብ ዓባያ ላይ ከሚኒባስ ሲወርዱ የዚያው አካባቢ ዕጩ በራሪ ወረቀት ሰጥቷቸው፣ ለሱም እሺ ብለውታል። ከካምባ ሱሪ ሊያሰፋ የመጣ ሌላ ዕጩም ሱሪውንም ድምፁንም ቃል ተገብቶለት ተመልሷል። ሕጉ አንድ ሰው በተመዘገበበት ምርጫ ክልል ብቻ ይመርጣል ይላል። ጋሽ ኦይታ ግን ዞኑን ከዳር እስከ ዳር አዳረሱት።

«አንተ ሰውዬ፣ ድምፅህ ስንት ነው?» አሏቸው ባለቤታቸው እትዬ ዘሪቱ።

«አንድ።»

«ቃልህስ?»

ጋሽ ኦይታ ክር ፍለጋ አጎነበሱ።

እትዬ ዘሪቱ መቆጣታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ምርጫ ጣቢያው ትንሽ ነው፤ የሰፈሩን ሰው ብቻ ነው የያዘው። ውጤቱ በማግስቱ በሩ ላይ ይለጠፋል። ሦስቱም ዕጩዎች ማን የማን እንደሆነ በጣታቸው ቆጥረው ጨርሰዋል፤ አንድ ድምፅ ብትጎድል ከማን ቤት እንደጎደለች ያውቃሉ። ክንፉ ደግሞ በሰው ፊት፣ «ዘመድ የከዳኝ ቀን ደጃፉን አልረግጥም» ብሎ ምሏል። እትዬ ዘሪቱ ደግሞ ከሱ ሌላ ወንድም የላቸውም።

«ለሁለቱ እምቢ በላቸው። ሞትም እንደሆን አንዴ ነው» አሉ።

ጋሽ ኦይታ ደንበኛ ልብስ በሚለካበት መስታወት ፊት ቆመው እምቢ ማለት ይለማመዱ ጀመር። ጢማቸውን ዳሰሱ፣ ግንባራቸውን አኮማተሩ፣ አፋቸውን ከፈቱ። ልክ በዚህ ሰዓት አንድ ደንበኛ ገብቶ፣ «ኪስ ይጨምሩልኝ» ቢላቸው «እምቢ!» ብለው አምባረቁበት። ሰውየው ደነገጠ፤ እሳቸው ከሱ ብሰው ደነገጡ። ይቅርታ ጠይቀው በነጻ ሁለት ኪስ ሰፉለት። ልምምዱም እዚያ ላይ ቀረ።

«እኔ ምን ላድርግ?» አሉ ማታ ራት ላይ። «ልጅ ሆኜ አባቴ ዶርዜ ዱቡሻ ይወስደኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ አደባባዩ ላይ ይቀመጡና ሁሉም እስኪስማማ ይነጋገራሉ። እጅ አይቆጠርም። ዛሬ ካልሆነ ነገ ይመለሳሉ። ተሸንፎ ቤቱ የሚገባ ሰው አላየሁም። እነዚህን ሦስቱን አስቀምጦ የሚያነጋግር ቢገኝ በአንድ ሳምንት ይስማሙ ነበር።»

«ሰላምታ እንኳ ተነፋፍገዋል፣ በሳምንት ይስማማሉ ይለኛል!» አሉ እትዬ ዘሪቱ፣ ሳህኑን እያነሱ።

የምርጫው ቀን ጋሽ ኦይታ በማለዳ ተሰለፉ። ለነፍሰ ጡር ለቀቁ፣ ለሽማግሌ ለቀቁ፣ ከሳቸው ለሚያንስ ሽማግሌም ለቀቁ። ከቀትር በኋላ ጣታቸው ቀለም ተቀብታ፣ ወረቀታቸውን ይዘው ከመጋረጃው ጀርባ ገቡ። ገብተው ቀሩ። የጣቢያው ኃላፊ እንድሪያስ ቢጨንቀው፣ «አባባ፣ ሰላም ነዎት?» አለ። «እሺ ልጄ፣ መጣሁ!» አሉ ከውስጥ። ሲወጡ ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል።

«ቃሌን ጠብቄያለሁ» አሏቸው ለሚስታቸው።

«የትኛውን?»

ጋሽ ኦይታ ቀለም የነካውን ጣታቸውን በነጠላቸው ይጠርጉ ጀመር።

በማግስቱ ጋሽ ኦይታ አሞኛል ብለው ነበር፤ እትዬ ዘሪቱ ክንዳቸውን ይዘው ወሰዷቸው። ለክንድ ደግሞ እምቢ ማለት አይችሉም። ጣቢያው በር ላይ ውጤቱ ተለጥፏል፤ ሦስቱ ዕጩዎች ተራርቀው ቆመው ያነባሉ። በዚህ ጣቢያ ብሩክታዊት መርታለች። ክንፉ ግን ዓይኑ ከቁጥሩ ላይ አልተነሳም፤ በጣቱ ቆጠረ፣ እንደገና ቆጠረ።

«አንድ ይጎድለኛል» አለ።

«እኔም አንድ ይጎድለኛል» አለ ይፍሩ።

ያሸነፈችው ብሩክታዊት ሳትቀር፣ «እኔም» አለች።

ሦስቱም ዞረው ጋሽ ኦይታን አዩ። ጋሽ ኦይታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እትዬ ዘሪቱ ወንድማቸውን እያዩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ዋጋ አልባ የሆነች አንዲት ድምፅ አለች፤ የማን እንደሆነች አላውቅም» አለ እንድሪያስ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ሦስቱም ዕጩዎች ላይ ምልክት ተደርጎባታል።»



«እኔም ላይ አለ?» አለ ክንፉ።

«አለ። ጥርት ያለ ኤክስ።»

«እኔስ?» አለ ይፍሩ።

«የርስዎም ላይ አለ።»

መጀመሪያ የሳቀችው ብሩክታዊት ናት። ቀጥሎ ይፍሩ ሆዱን ይዞ በሩን ተደገፈ። ክንፉ ሳቁን ሊውጥ ታገለ፣ አልቻለም። «ሰውየው ቃሉን ጠብቋል እኮ!» አለ። ከዚያ ሦስቱ ተያይዘው እንድሪያስ ላይ ተነሱበት። የጋሽ ኦይታ ድምፅ እንዴት ዋጋ አልባ ትባላለች? ይሄ ወረቀት ይስተካከል! እንድሪያስ ሕጉን ቢያነብላቸውም አልሰሙትም።

«በሳምንት ያልከው በአንድ ጠዋት ተስማሙልህ» አሉ እትዬ ዘሪቱ በጆሯቸው።

ዕጩዎቹም በአንድ አፍ፣ «ጋሽ ኦይታ፣ ዛሬ ምሳ እኔ ቤት!» አሉ።

እትዬ ዘሪቱ ባላቸውን አዩ። ሰፈርተኛው ሁሉ አያቸው። ጋሽ ኦይታ ጢማቸውን ዳሰሱ፣ ግንባራቸውን አኮማተሩ።

«እምቢ» አሉ። «ሦስታችሁም እኔ ቤት ኑ።»

ሦስቱም «እሺ» አሉ። ደጃፉን ቀድሞ የረገጠው ክንፉ ነበር።

የእኔ ሱሪ እስከ ዛሬ አልደረሰም። ጨርቁን ሌላ ልብስ ሰፊ ዘንድ ውሰደው የሚሉኝ አሉ። እምቢ ብያለሁ።